ነጯ ኳስ የት ቆመች

«ውይ! ደግሞ ሳትኩ!» አለች ቨርና፣ አፏን በመዳፏ ከድና።

ቀይዋ ኳስ ከቀዳዳው አፍ አንዲት ጣት ያህል ቀርቷት ቆማለች። ያቺን ኳስ ከዚያ ቅርበት ለመሳት ከሁለት ዓይነት ሰው አንዱን መሆን ይጠይቃል፤ የፑል ዘንግን ከመጥረጊያ እንጨት የማይለይ ፋራ፣ ወይም በጣም፣ በጣም ጎበዝ። ቨርና ፓቭላክ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን በሁለት ሰማያዊ ሪባን አስራለች፤ ነጭ ካልሲዋ እስከ ጉልበቷ ተስቧል። ስለዚህ ሳንደስኪ ከተማ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለው ፑል ቤት ውስጥ የነበረው ወንድ ሁሉ ብዙም ሳይመራመር የመጀመሪያውን መረጠላት።

ሪባኖቹ የሩዲ ሐሳብ ነበሩ።

«አይዞሽ የኔ እመቤት» አለ አንድ ቦርጫም ሰውዬ፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያነሳ። «ኳሷ ናት ያልገባት፤ አንቺማ በደንብ ነግረሻት ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሩዲ ነው። ሩዲ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ይሠራበት የነበረው የመኪና ፋብሪካ በገና ሰሞን «ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ብሎ ከሸኘው ወዲህ ጫማውን ከመወልወልና ስለ ቺካጎ ከማውራት ሌላ ሥራ የለውም። ጠጋ ብሎ ዘንጉን ሲቀበላት፣ ሳቁን ሳያቋርጥ በጥርሶቹ መሀል ተናገረ።

«አሪፍ ነው። ግን ‹ውይ›ዋን ቀንሻት፤ ቲያትር አስመሰልሽው።»

ቨርና መሳት የተማረችው ዘንድሮ ነው። መምታት ያስተማራት ግን አባቷ ነው።

አባቷ ቶሌዶ፣ መስታወት ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ሰፈራቸው የነበረው አሮጌ ፑል ቤት ሲፈርስ አንዱን ጠረጴዛ በርካሽ ገዛና ከጓደኞቹ ጋር እያቃሰተ ምድር ቤታቸው አስገባው። እናቷ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። ያኔ ቨርና ሕፃን ነበረች፤ ኳሶቹን ለማየት የወተት ሣጥን ላይ መቆም ነበረባት። አባቷ ብዙ ሕግ የለውም። የምትመቺውን ኳስና የምታስገቢበትን ቀዳዳ አስቀድመሽ ጥሪ። ሌላው ሲመታ አታውሪ። ደግሞ፣ ሌላው ያማረ ምት ከመታ የዘንግሽን ወፍራም ጫፍ ወለሉ ላይ ምቺ። በፑል ቤት ጭብጨባ የለም። ያለችው እሷ ናት፤ እንጨት ወለል ሲነካ የምትሰማ አንዲት «ኳ!»

«ተጋጣሚዬ ቢሆንስ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ተጋጣሚሽ ሲሆን ነዋ ጠንክረሽ የምትመቺው።»

ሩዲ «የአባትሽ ሕግ ለምድር ቤት ነው» ባይ ነው። ከገና ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ «በረዶ ላይ ላንሸራትታት» እያለ ከቤት ያስወጣታል፤ ማንም ወደማያውቃቸው ከተማ ይነዳል። እሷ በሪባኗ ትስታለች፤ ሰው ይስቃል፤ ሩዲ «እንግዲያው በገንዘብ እንሞክራ!» ይላል። ከዚያ ቨርና መሳቷን ትተዋለች። ሁለት ከተማ ውስጥ ካሁን ወዲያ እንዳትመጡ ተብለዋል፤ ሩዲ ይህን እንደ ዲፕሎማ ነው የሚቆጥረው።

ዛሬ መንገድ ላይ፣ ማሞቂያው በማይሠራው መኪናው ውስጥ፣ አዲስ ሕግ ጨምሮላታል።

«ሰውዬው ምንም ቢሠራ ወለል እንዳትመቺ። ሰማሽኝ? ምንም! ጨዋታውን የማታውቅ ልጅ ምን እንደሚደነቅ አታውቅም። ካደነቅሽው አለቀልን።»

«ያን ያህል ጎበዝ ነው?»

«ነበር። አሁን አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጠጣው ወተት ነው። ግን ጨላ አለው፤ ኩራት ደግሞ ከጨላውም ይበልጣል። እሱን ከሸወድነው በበጋ ቺካጎ ነን። ሴቶች የሚጋጠሙበት ውድድር አለ እኮ! ስምሽ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የራስሽ ዘንግ ይኖርሻል፤ ከሁለት የሚገጣጠመው፣ የቆዳ ማኅደር ያለው።»

ቨርና ከጋዜጣው ይልቅ ዘንጉን ወደደችው። ከዘንጉ ደግሞ የበለጠ የምትፈልገው ነገር ነበር፤ ለሩዲም ለአባቷም ነግራቸው አታውቅም። እኔ በእውነት ምን ያህል ጎበዝ ነኝ? ምድር ቤት ያለው አባቷ ብቻ ነው፤ አባት ደግሞ ለልጁ ያዳላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገጥሟት ግማሹን ሰዓት የሚስቁ፣ ግማሹን የሚናደዱ ሰዎች ናቸው። ቺካጎ ግን ትነግራት ይሆናል።

ሰውዬው መስኮቱ አጠገብ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሙ ሚስተር ክራንዳል ነው፤ ሰዉ ግን «ዲያቆን» ይለዋል። ጥቁር ኮትና ቀጭን ጥቁር ክራባት ስለማይለየው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያየው ኖሮ አይደለም። ከጀርባው የኤሪ ሐይቅ እስከ ሰማዩ ጥግ በረዶ ሆኖ ተኝቷል። ብርጭቆው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወተቱ የብርጭቆውን አፍ ይልሳል።

ቨርና ስትስት እሱ አልሳቀም። እሷንም አላያትም። ሰው ሁሉ ያልገባችውን ቀይ ኳስ ሲያይ፣ እሱ ነጯን ኳስ፣ መምቻዋን፣ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ከዚያ ወተቱን ጠጣ።

«ሚስተር ክራንዳል!» አለ ሩዲ ኮፍያውን አውልቆ። «ከዚች ልጅ ጋር አንድ ጊዜ ቢጫወቱላትስ? ለልጅ ልጆቿ ታወራዋለች።»

«አሁን ባየሁት ከሆነ ባታወራው ይሻላታል» አለ ቦርጫሙ።

«ቅድሚያ ይስጧታ! ከመቶ ስልሳውን ይስጧት፤ እኔ በእሷ አስይዛለሁ። ያለኝን ሁሉ!»

የፑል ቤቱ ባለቤት ሃንክ የሚወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ያለህን ሁሉ? አንተ ልጅ፣ እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ዛሬ ቤት አትግባ።»

ዲያቆኑ «ስልሳ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደሚያላምጥ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቨርና ዞረ። «አንቺስ ልጄ? መጫወት ትፈልጊያለሽ?»

እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አዎ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረችው ሁሉ እውነቷ ይህች ብቻ ነበረች።

«ስልሳውን ስጣት፣ ሃንክ።»

ከጠረጴዛው በላይ ሁለት ሽቦዎች ተወጥረዋል። በየሽቦው ላይ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ የእንጨት ዶቃዎች ተሰክተዋል፤ ለአንድ ኳስ አንድ ዶቃ። የሚመታው እስኪስት ድረስ ይመታል፤ ቀድሞ መቶ ዶቃ የሞላ አሸነፈ። ሃንክ ዘንግ አንሥቶ ስልሳውን ዶቃ በአንድ ግፊት ወደ ቨርና ወገን ነዳላት። ዶቃዎቹ እየተንኳኩ ሄዱ። ሩዲ ያለው ገንዘብ ሁሉ፣ ከዲያቆኑም ያንኑ ያህል፣ የሃንክ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገባ።

ቨርና እንደለመደችው ጀመረች። አንድ አስገብታ ደነገጠች። ሌላ አስገብታ «እንዴ!» አለች። ከዚያ አንዲት ቀላል ኳስ ሳተች። ዲያቆኑ ጥቂት መታና ተቀመጠ፤ እሷም ተነሥታ እንዲሁ አደረገች፤ ደነገጠች፣ ሳተች፣ ሪባኗን ነካካች። ቦርጫሙ «እግዜር ከሰከረና ከሕፃን ጋር ነው» ብሎ አጉተመተመ። ሩዲ ለስላሳ መጠጡን እየጠጣ ጣራውን ያያል።

ቀጥሎ ዲያቆኑ እንደገና ከወንበሩ ወረደ።

ግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አረፈ። ሲያርፍ ቆመ። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን እንደሚዘጋው፣ ልክ እንደዚያ። «አምስት፣ ጥጉ ላይ» አለ፤ አምስት ቁጥር ኳስ ጥጉ ላይ ገባች። «አሥራ አንድ፣ ጎን።» አሥራ አንድ ገባች። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ክንዱ የፈጠነ አይመስልም፤ ኳሶቹም የተመቱ አይመስሉም፤ የተጠሩ ነው የሚመስሉት።

ቨርና መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች የሚገቡትን ኳሶች ነበር የምታየው። ቀስ በቀስ ዓይኗ ወደ ነጯ ሄደ። ነጯ ኳስ ትመታለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትነጥራለች፤ ከዚያ ሰውዬው ቀድሞ መጥቶ የሚጠብቃት ቦታ ላይ ትቆማለች። ሁልጊዜ እሱ ቀድሟት ነው የሚደርሰው። የሚቀጥለውን እሷም በልቧ መገመት ጀመረች። አሁን ሰባትን ይመታል፤ መታ። አሁን ሁለትን፤ መታ። አሁን ዘጠኝን፤ አይ፣ ዘጠኝን ተዋት። ለምን? ሦስት ምት ካለፈ በኋላ ገባት፤ ዘጠኝ ቁጥር የምትጠቅመው ያኔ ነበር። የጂኦሜትሪ አስተማሪዋ ሚስስ ኦዴል ስለ ማዕዘን ሲያስረዱ እንቅልፍ የሚወስዳት ቨርና፣ ትንፋሿን ይዛ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች።

ሰውዬው አንድም ከባድ ኳስ አልመታም። ከባዱ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት አልቆ ነበር።

ኋላ ጠረጴዛው ላይ ከነጯ ሌላ አንዲት ኳስ ብቻ ቀረች። ሃንክ የገቡትን አውጥቶ እንደገና በሦስት ማዕዘን ደረደራቸው፤ ጥብቅ አድርጎ፣ ግንብ አስመስሎ። ዲያቆኑ የዘንጉን ጫፍ በሰማያዊው ጠመኔ ቀባ። ከግንቡ ጎን የቀረችውን ኳስ በዓይኑ እያሳየ «እሷ፣ ጥጉ ላይ» አለ።

መታ። የጠራት ኳስ ጥጉ ውስጥ ሰመጠች፤ ነጯ ደግሞ ዞር ብላ ግንቡን ከጎኑ ገባችበት። ግንቡ ፈረሰ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ኳሶች እንደ ተበተነ ዶሮ በየአቅጣጫው ሮጡ። ከዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ነጯ ብቻዋን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ተንከባልላ ተንከባልላ የጠረጴዛው መሀል ላይ ቆመች።

«ኳ!»

አንዱ ነበር የጀመረው። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከየጠረጴዛው። ቦርጫሙ ሲጋራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ አውጥቶ በሌላ እጁ በያዘው ዘንግ ወለሉን መታ።

የቨርናም እጅ ተነሣ። ራሱን ችሎ ነበር የተነሣው። ዘንጓ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሳለ የሩዲን ዓይን አየች፤ ወለሉ እሳት የሆነ ይመስል አፍጥጦባታል። ዘንጉን መልሳ አቀፈችው። ጆሮዋ ጋለ። ቤቱ ሁሉ እየመታ እሷ ብቻ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች፤ ሰው ሰላም ሲላት ፊቷን ያዞረች መሰላት።

ዲያቆኑ ቀጠለ። ዶቃዎቹ እያለፉ ሄደው ለመቶ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ኳስ የቀዳዳውን ሁለት ከንፈር ነካክታ ተመለሰች። ሰውዬው ያልጠበቃት እንግዳ እንደመጣችበት ፈገግ አለ። «እርጅና ሰላም ልትለኝ ገብታ ነው» ብሎ ከጠረጴዛው ራቀ።

ሩዲ ዓይኑን ጠቀሰ። ጊዜው ደርሷል። ቨርናም ጠረጴዛውን አየች፤ ኳሶቹ ተበትነዋል፤ መንገዱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ልትጨርሰው ትችላለች። ቺካጎ እዚያው ጨርቁ ላይ ተዘርግታለች።

ዲያቆኑ ወደ ወንበሩ ሲያልፍ አጠገቧ ቆም አለ። እጁ እንደገና ይንቀጠቀጣል።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም… ማለቴ፣ እኔ እኮ ቀሽም ነኝ።»

«ቀሽም ሲስት ነጯ ኳስ እንደ ባዘነች ከብት የትም ትሄዳለች። ያንቺዋ ግን በሳትሽ ቁጥር ለሚቀጥለው ምት ልክ የሚመቸው ቦታ ላይ ነው የምትቆመው። አፍሽ መዋሸት ችሎበታል፤ እጅሽ ገና ነው። ከቀይዋ ኳስ ጀምሮ እያየሁሽ ነው።»

ቨርና ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሩዲ ሩቅ ነው፤ አይሰማም። «አባቴ ነው ያስተማረኝ» አለች።

«ጎበዝ አባት ነው። ወለል መምታት ብቻ ሳያስተምርሽ ቀረ።»

«አስተምሮኛል» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ሰውዬው ዘንጓን አየ፤ ከዚያ ወለሉን። ይህ ከተናገረው ሁሉ ከበዳት።

«ካወቁ ታዲያ… ስልሳውን ለምን ሰጡኝ?»

«ስትመቺ ማየት ፈልጌ ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ገንዘብ አያሳሳኝም፤ ጥሩ ጨዋታ ግን ያሳሳኛል። ስልሳው የመግቢያ ትኬት ይሁን ብዬ ነው።» ወንበሩ ላይ ወጥቶ ብርጭቆውን አነሣ። «እስካሁን ግን ያየሁት ሪባን ብቻ ነው።»

ቨርና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የመጀመሪያዋን ኳስ መረጠች፤ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና አለች። ብትመታ ታሸንፋለች። ዛሬ ማታ ቶሌዶ ገብታ፣ እራት ላይ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ በረዶው እንዴት ነበር ሲላት ጥሩ ነበር ትለዋለች። ዲያቆኑን አሸንፌዋለሁ ልትለው አትችልም። እሷ ራሷም አታውቀውም፤ እሷ አሸንፋው ይሁን ስልሳው ዶቃ።

ቺካጎ ሩቅ ናት። ሰውዬው ግን እዚህ ነው፤ ወተት እየጠጣ።

ሪባኖቿን አንድ በአንድ ፈትታ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ዘንጓን ወደ ላይ ዘርግታ ዶቃዎቹን መቁጠር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሃንክ።

«ስልሳውን እየመለስኩ።»

ዶቃዎቹ ሽቦው ላይ እየተንኳኩ ወደ መጡበት ተመለሱ። ለእሷ ጥቂት ብቻ ቀሩ፤ እነዚያ ራሷ ያስገባቻቸው ናቸው። ሩዲ የጠጣው መጠጥ ባፍንጫው ወጣ።

«አበደች! ኧረ ትኩሳት ይዟት ነው! ሃንክ፣ አይቆጠርም፣ ልጅ ናት፣ ምን እንደምትሠራ አታውቅም!»

«ቅድም ምን እንደምትሠራ አታውቅም ብለህ ነበር ያስያዝከው» አለ ቦርጫሙ። «አሁን ሲያዩዋት ያወቀች ትመስላለች።»

ለሃንክ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ፊቱ ጠቁሮ ሩዲን ያየው ጀመር። ሩዲ ወደ ደረጃው ግማሽ እርምጃ አፈገፈገ።

«ሃንክ» አለ ዲያቆኑ፣ ከወንበሩ ሳይወርድ። «ገንዘቡን ለልጁ መልስለት። እሱ ያስያዘው በሌላ ጨዋታ ነበር።»

ሩዲ ገንዘቡን ተቀብሎ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ። ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «ቺካጎን እርሺው!» አላት ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ። «ሰማሽ ቨርና? ቺካጎ ብሎ ነገር የለም! መኪና ውስጥ ነኝ፤ ካልመጣሽ ጥዬሽ ነው የምሄደው!»

የተወለወለው ጫማው ደረጃውን እየደበደበ ወረደ። ወዲያው ከታች የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ቨርና አልደነገጠችም። ሩዲ ጥሏት እንደማይሄድ ታውቃለች፤ ያለ እሷ ቶሌዶ ገብቶ እናቷን ፊት ለፊት ከማየት እዚያው ሐይቁ ላይ ቢያድር ይመርጣል።

ወደ ዲያቆኑ ዞረች። ዘንጓን በሁለት እጇ ይዛ ከፍ አደረገችና ወለሉን መታች።

«ኳ!»

«ለቅድሙ ነው» አለች። «ዘገየሁ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ወለሉ አልቸኮለም» አላት።

ጠመኔውን አንሥታ የዘንጓን ጫፍ ቀባች፤ ሳታፍር፣ እንደሚያውቅ ሰው። «አራት፣ ጥጉ ላይ» አለች። ገባች። «አሥራ ሦስት፣ ጎን።» ገባች። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ጨዋታቸውን አቁመዋል። ሦስተኛዋ ከባድ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠርዙን ታክካ የምትሄድ። በሪባን ዘመኗ ይህችን ኳስ አትነካትም ነበር። «ስድስት፣ ከወዲያ ጥግ» አለች።

መታች። ስድስት ቁጥር ጥጉን በፀጉር ያህል ስታ ተመለሰች። ነጯ ኳስ ደግሞ እንደ ባዘነች ከብት ሄደች፤ አንዱን ጠርዝ ነካች፣ ሌላውን ነካች፣ ኋላ ከሁለት ኳሶች ጀርባ፣ ማንም ሊመታት በማይመቸው ጉራንጉር ውስጥ ገብታ ቆመች።

ቨርና «ውይ» አላለችም።

ዲያቆኑ ከወንበሩ ወረደ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነጯ ኳስ የቆመችበትን አስቀያሚ ቦታ ከግራም ከቀኝም አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ደረቅ ፊት ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ፣ የልጅ ሳቅ ነበር።

«አሁን ሳትሽ» አለ።

«አዎ!» አለች ቨርና፤ እሷም ሳቀች።

ከታች ጡሩምባው እንደገና ጮኸ፤ ረዘም አድርጎ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የሚንቀጠቀጥ እጁን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። እጁ ቆመ። ከዚያ ጉራንጉር ነጯን ኳስ እንዴት ሊያወጣት እንደሚችል ቨርና ምንም አልታያትም። ከፍ ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ የዘንጓን ወፍራም ጫፍ ከወለሉ አንዲት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ጠበቀች።